ሠላሳ አራት ዝቅዝቅ ጠመንጃ

እሁድ ከቀትር በኋላ ነው። ሂሩት ሻርጃ ውስጥ አንድ የጨርቅ መደብር ገብታ መጋረጃ ስታገላብጥ፣ ከጎኗ የቆመች ሴት ከሻጩ ጋር በዐረብኛ ትከራከራለች። ሴትዮዋ የምትፈልገው ነጭ ጥጥ ጨርቅ ነው፤ ቀለም ያልነካው። ሻጩ አበባ ያለበትን ያወጣል፣ ሰማያዊውን ይዘረጋል፣ ክሬሙን ያሳያል። እሷ በሁለት ጣቷ እያሸች ትመልስለታለች። በመጨረሻ ሰውየው ታከተው።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው? ለአንሶላ ነው? ለሕፃን ነው?»

«ለጠመንጃ ነው» አለችው፣ ለወጥ ነው እንደሚል ሰው።

ሻጩ የያዘውን ጥቅል ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሂሩትም መጋረጃዋን ለቀቀች። ሴትዮዋ ግን ዞር ብላ ለራሷ በአማርኛ፣ «አቡጀዲን የሚያህል ነገር ይጥፋ በዚህ አገር» ስትል አጉተመተመች።

ሂሩት ይህን ሰምታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። ዱባይ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ መንጋጋው የደነዘዘ በሽተኛ ሳይቀር የቤቱን ጉዳይ ነግሯት ነው የሚወጣው። ያን ዕለት ከጉባኤ ወጥታ አል ተዓውን ወዳለው ቤቷ ስትመለስ ነበር ወደ መደብሩ ጎራ ያለችው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ጠመንጃ ነው ያልሽው?»

«ሐበሻ ነሽ እንዴ? አትደንግጪ፤ እጠርገዋለሁ እንጂ አልተኩሰውም።»

አቡጀዲው ከመደብሩ ጓዳ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ተገኘ። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወጡ። ሴትዮዋ የምትሠራበት ቤት ሹፌር እስኪመጣላት አንድ ሰዓት ያህል ነበራትና ከሻይ ቤቱ ጥላ ሥር በወረቀት ኩባያ ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ ይዘው ተቀመጡ። ሂሩት «እሺ፣ ጠመንጃው የማን ነው?» ከማለቷ ወሬው ተጀመረ።

ውዴ ትባላለች። አርባን ተሻግራለች፤ የእስቴ ልጅ ናት። አባቷ ባለ ምንሽር ነበሩ። ምንሽሯ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ከምሰሶው ላይ በማንገቻዋ ተንጠልጥላ ትኖራለች፤ አፈሙዟ ወደ ጣሪያ፣ ሰደፏ ወደ መሬት። ልጅ አይነካትም፣ ሴት አትሻገራትም። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ አውርደው ሲወለውሏት፣ የዘይቱን ቀንድ ይዛ አጠገባቸው የምትቆመው ውዴ ነበረች። ያቺ ምንሽር በውዴ ዕድሜ አንድ ቀን ብቻ ተገልብጣለች፤ አባቷ የሞቱ ዕለት። አጎቷ አፈሙዟን ቁልቁል ዘቅዝቆ ተሸክሞ ከለቀስተኛው ፊት ፊት ሄደ። መርዶ ነጋሪ አላስፈለገም። ከማዶ ሆኖ ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ።

«በእኛ አገር ይሄ ደብዳቤ ማለት እኮ ነው» አለች ውዴ። «ጠመንጃ ተዘቅዝቆ ያየ ሰው፣ ማን ሞተ ብሎ ነው የሚጠይቅ እንጂ፣ ሰው ሞቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ውዴ ወደዚህ አገር መጥታ መጀመሪያ የገባችው አጅማን፣ አል ኑዓይሚያ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ ነበር። ሰዎቹ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ «ዐረብኛ የምትችል ነው የምንፈልገው» ብለው ወደ ኤጀንሲው መለሷት። የኤጀንሲዋ ሴትዮም ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ እያደረገች፣ «አንድ ጊዜ ተመላሽ ነሽ። ሁለተኛ ከተመለስሽ ኸላስ፣ ወደ አገርሽ ነው» አለቻት። ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሆና የምትማር ልጅ አለቻት፣ ኑኑ። ውዴ ሁለተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ከመኪና ስትወርድ በልቧ የማለችው መሐላ ይህ ነበር፦ እዚህ ቤት የሚሆኑትን እሆናለሁ፤ ሲስቁ እስቃለሁ፣ ሲያለቅሱ አለቅሳለሁ።

ቤቱ ሻርጃ ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት የተምር ዛፍ። ማዳም ቆፍጣና፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ ክፋት የሌለባት ሴት ናት። አባቷ አብረዋት ይኖራሉ፤ ወደብ ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ቤተኛው ሁሉ ባባ የሚላቸው። በመጀመሪያው ቀን ማዳም ውዴን መጅሊስ ወደሚሉት የእንግዳ መቀበያቸው ወስዳ መጥረጊያ አስያዘቻትና ሄደች።

ውዴ ቀና ስትል ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ጠመንጃ ነው። አሮጌ ጠመንጃ፣ እንጨቱ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ብረቱ የቡና ቀለም ያወጣ። ሁሉም በተርታ ተሰቅለዋል። ሁሉም አፈሙዛቸው ቁልቁል።

መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ አራት ናቸው። በአገሯ አንድ ሰው ሲሞት አንድ ጠመንጃ ይዘቀዘቃል። ሠላሳ አራት ከሆነማ ቤተሰብ አይደለም፣ ቀበሌ ነው ያለቀው።

ከዚያ በኋላ የምታየው ሁሉ ይህንኑ ሆነ። ማዳም ጥቁር ለብሳ ወጣች፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶችም ሊጠይቋት መጡ። ውዴ ጥቁሩ አባያ የዘወትር ልብሳቸው መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ አጅማን ሳለች ከመስኮት አይታዋለች። ጠመንጃዎቹን ካየች ወዲያ ግን ጥቁሩ ሁሉ ሐዘን ሆኖ ታያት። ወደ ማታ ገደማ ደግሞ ወንዶች ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው በተርታ ይቀመጣሉ፤ ተምር ይቀምሳሉ፣ በትንሽ ሲኒ ፉት ይላሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራሉ፣ ተነሥተው ይሄዳሉ። በማግሥቱም እንዲሁ። ለቅሶ ደራሽ ካልሆኑ ምን ሊሆኑ ነው?

ውዴ ከሻንጣዋ ነጠላዋን አውጥታ ጥለቱን ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ድምፁን ትቀንሳለች። በእግር ጣቷ ትራመዳለች። ማዳም ስልክ ይዛ ስትስቅ ከኩሽና ሆና፣ «ወይ ሐዘን፤ ሰው ያሳብዳል እኮ» ብላ ከንፈሯን ትመጣለች። ባባ ዘንድ ውኃ ስታደርስ፣ ዋናው ሐዘንተኛ እሳቸው ናቸው ብላ አጎንብሳ ትሰጥና ጀርባዋን ሳታዞር ወደ ኋላዋ ትወጣለች።

የቤቱ ሹፌር ኢድሪስ የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም። አንድ ጠዋት መኪና ሲያጥብ ሄዳ ጠየቀችው።

«ኢድሪስ፣ እግዜር ያጥናችሁ በዐረብኛ ምንድን ነው?»

«ማን ሞተብሽ?»

«ለእኔ አይደለም።»

ኢድሪስ ለአንዲት ጓደኛዋ መስሎት አስጠናት። «ዓዘመላሁ አጅረኩም በይ። ደጋግመሽ በይ፣ ምላስሽ ይልመድ።»

ምላሷ ለመደ። በማግሥቱ ለማዳም ሻይ ስታቀርብ አንገቷን ደፍታ፣ «ዓዘመላሁ አጅረኩም» አለቻት። ማዳም ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ማን ሞተ ብላ ጠየቀች። ውዴ ጥያቄውን በከፊል ገባት፤ ሠላሳ አራቱን በምን አፌ ልቁጠር ብላ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ማዳም ስልኳን አንሥታ እህቶቿ ዘንድ ደወለች፣ አል ዐይን ያለ ወንድሟ ዘንድ ደወለች። ሁሉም ደህና ናቸው። በሁለተኛው ቀን ሻዩ መጣ፣ ዓዘመላሁ አጅረኩም። በሦስተኛውም። ማዳም እየቆየች ሻዩንም ሴትዮዋንም መፍራት ጀመረች። ይህች ሴት እኛ የማናየውን ታያለች እንዴ?

«ምስኪን» አለች ሂሩት፣ ሻይዋን በሳቅ እያንጠባጠበች። «አንቺስ ምንም አልጠረጠርሽም?»

«ምኑን ልጠርጥር? እኔ እንደውም ጥሩ ሠርቻለሁ ብዬ ነበር። እንደኔ ያለ ሐዘን ተካፋይ ከየት ይገኛል ብዬ።»

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ኢድሪስ ኩሽና ደጃፍ ላይ ቆመ። እንደወትሮው አልቀለደም።

«ውዴ፣ ሻንጣሽን አምጪ። ማዳም መልሳት ብላኛለች።»

«ወዴት?»

«ኤጀንሲ ነዋ። ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ እሷ ግን ቤቴን መቃብር አደረገችው ነው የምትለው። አንቺ ሴትዮ ምን አድርገሻቸው ነው? ቤቱን በቁሙ ቀበርሽው እኮ።»

ውዴ ከወንበሩ ጫፍ ቁጭ አለች። ያሰበችው ኑኑን ነው፤ ከዚያ የኤጀንሲዋን እስክሪብቶ። ሁለተኛ ተመላሽ። ሻንጣዋን ዘጋች፤ ኢድሪስም ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነው። እሷ ግን መኪናው ጋ ደርሳ ቆመች።

«ቆየኝ። ከሐዘን ቤት ሳይሰናበቱ አይወጣም።»

«ከምን ቤት?»

ውዴ ወደ ኋላ ዞረች። በቀጥታ መጅሊስ ገባች፤ ኢድሪስ ግራ ገብቶት ተከተላት። ባባ አንዱን ጠመንጃ ጭናቸው ላይ አጋድመው በጨርቅ ይጠርጉ ነበር። ውዴ ፊታቸው በርከክ አለችና በአማርኛ ተናገረች።

«ባባ፣ እኔ መሄዴ ነው። ማን ማን እንደሞተብዎ እንኳን ሳላውቅ ልሄድ ነው። ስማቸውን ቢነግሩኝ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ። ንገርልኝ ኢድሪስ።»

ኢድሪስ አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ተረጎመ። ባባ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የማን ስም?»

ውዴ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። «የነዚህ ሁሉ።»

እዚያው ላይ ሆና ነገሩን ከሥሩ አስረዳች፤ የአባቷን ምንሽር፣ አጎቷን፣ የተዘቀዘቀውን አፈሙዝ፤ እዚህም በየቀኑ የሚመጡትን እንግዶች። ኢድሪስ እየተረጎመ መሃል ላይ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግን እንደምንም ጨረሰው። ባባ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና አዩአት። ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ሳል ሄደ፣ ከሳል ወደ ሳቅ ተመለሰ፤ ማዳም ምን ሆኑብኝ ብላ እየሮጠች መጣች።

ሲረጋጉ ባባ ለውዴ አሳዩአት። ጭናቸው ላይ ያለውን ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ላይ አቆሙና አንድ ጠብታ ዘይት ብረቱ ላይ ጣል አደረጉ። ጠብታዋ እየተንሸራተተች ወርዳ፣ ብረቱና እንጨቱ ከሚገናኙበት ስንጥቅ ገብታ ጠፋች። «እንጨት ዘይት ሲጠጣ ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፣ ኋላም ይሰነጠቃል» አሉ። «አፈሙዙ ቁልቁል ከሆነ ግን ዘይቱ ከእንጨቱ ይርቃል። ለዚህ ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም።»

መንግሥታት ለወታደሮቻቸው አዲስ መሣሪያ ሲያስታጥቁ አሮጌውን በሣጥን ጠቅጥቀው ይሸጡታል። ባባ ሠላሳ ዓመት ሲያሰባስቡ የኖሩት ይህንን ነው። ፈቃዱ በመስታወት ገብቶ በሩ አጠገብ ተሰቅሏል፤ ዋናው የመተኮሻ ብረት ከያንዳንዱ ወጥቶ ካዝና ውስጥ ተቆልፏል። ማታ ማታ የሚመጡት እንግዶችም እንደሳቸው አሮጌ ጠመንጃ የሚወዱ ሽማግሌዎች ናቸው።

ውዴ መሬቱ ቢከፈትና ቢውጣት ደስ ባላት። «ሞኝ ነኝ በላቸው» አለችው ኢድሪስን።

ባባ ግን ግድግዳውን አየት አደረጉና፣ «ለነገሩ አልተሳሳተችም» አሉ። «እነዚህን ያነገቡ ወታደሮች አንድም የቀረ የለም። መቶ ዓመት ዘግይታም ቢሆን ለቅሶ የደረሰቻቸው እሷ ብቻ ናት።»

ከዚያ ጠመንጃ የት ታውቂያለሽ ብለው ጠየቋት። እሷም ተነሥታ በጣቷ እያመለከተች፣ «ይቺ ምንሽር ናት፣ ሆዷን ወጣ ያደረገችው። ያ ረጅሙ ለበን ነው። ያ ውጅግራ፣ ያኛው ሰናድር። ያንን አላውቀውም፣ የእኛ አገር ሰው አልያዘውም» አለች። ሽማግሌው «ምንሽር፣ ምንሽር» እያሉ ቃሉን እንደ ተምር በአፋቸው አመላለሱት። በራሳቸው ቤት ውስጥ የጠመንጃ ዘር የሚለይ ሰው ይኖራል ብለው በሕልማቸውም አላሰቡም።

«እንግዲህ ምን ይሻልሻል?» አሏት።

«አንዷን ብቻ ቀና ያድርጉልኝ። የሕያው ቤት መሆኑን ልወቀው።»

«ዘይቱስ?»

«እኔ እጠርገዋለሁ። በየሳምንቱ።»

ባባ ራሳቸው ተነሥተው ምንሽሯን ገለበጧት። ማዳም ነገሩን ከኢድሪስ ሰምታ ነበርና በሻሽዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች፣ የሳቅ እንባዋን፣ «ያላ ኢድሪስ፣ ሻንጣውን አውርድ» አለች።

«አሁን እኮ ነው የጫንኩት» አለ ኢድሪስ።

ውዴ ሥራውን ቀስ በቀስ ለመደችው። ጨርቁ ቀለም ካለው ከዘይቱ ጋር ለቆ እንጨቱን ያበላሻል። ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ሁለት ከሆነ በዛ። በእርጥብ እጅ ብረት አይነካም። ባባ እንደ ተማሪ ሲያስተምሯት፣ አንድ ቀን ሳይነግሯት በገዛ እጇ አጠፋች። የሰናድሩ ናስ አረንጓዴ ለብሶ አይታ አዘነችለትና ኩሽና ወስዳ በሎሚና በአመድ እስኪያበራ ፈተገችው። «እንደ ሙሽራ አሳመርኩልዎ» ብላ ስትሰጣቸው ባባ ራሳቸውን ያዙ። «መቶ ዓመት የሠራውን በአንድ ሎሚ አጠብሽው» አሏት። «አሮጌ ነገር የሚሰበስብ ሰው የሚገዛው የዕቃውን ዕድሜ ነው፤ አንቺ ላጨሽው፤ ሰው ሽማግሌን ጥርስ አስተክሎ ወጣት አደረግኩት ይላል ወይ?» ኢድሪስ ይህን ተርጉሞላት ሲያበቃ፣ ሊያበሽቃት ሳምንት ሙሉ የሎሚ ሻይ አዘዛት።

እንግዶቹ ሁሉ ያቺን አንዷን ቀና ጠመንጃ አይተው መጠየቃቸው አይቀርም። ባባም ታሪኩን ያወራሉ፤ ባወሩት ቁጥር ይረዝማል። አሁን ውዴ ሦስት ቀን እህል ሳትቀምስ አልቅሳለች እስከማለት ደርሰዋል። እሷ ሲኒ እየሰበሰበች ትሰማለች፤ አታርምም። ኑኑ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት።

«ታዲያ ዛሬ በዕረፍትሽ ቀን ጨርቅ ፍለጋ ምን አስወጣሽ?» አለች ሂሩት።

ውዴ የኩባያዋን ጠርዝ በጣቷ አዞረች። ባባ ከሦስት ሳምንት በፊት ልባቸውን አሟቸው ዱባይ ሆስፒታል ገብተዋል። ቤቱ ያን ሰሞን ጭር አለ። ማዳም ቀን ከሌት ሆስፒታል ናት፤ ውዴ ምግብ እያበሰለች በኢድሪስ ትልካለች። ውዴ ሥራ ሲበዛባት ማዳም ለግማሽ ቀን አንዲት የሰዓት ሠራተኛ አስመጣች። ልጅቱ ጎበዝ ናት፤ መጅሊሱን ጠረገች፣ አቧራውን አነሣች፤ ሠላሳ ሦስቱ ቁልቁል ሆነው አንዷ ቀና ስትሆንባት ደግሞ ተሳስተው ነው ብላ አስተካከለቻት።

ማዳም የአባቷን መነጽር ልትወስድ ገብታ አየች።

«ውዴ» ብላ ስትጣራ ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። «ማን ነው የገለበጣት?»

ውዴ ከኩሽና በሊጥ እጇ ደረሰች። ማዳም ግድግዳውን ይዛ ቆማለች፤ ያቺ በዘጠኝ ቀን ልታባርራት የነበረች ሴት። አሁን እሷም የተዘቀዘቀችውን ምንሽር እንደ ውዴ አነበበቻት። ውዴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ተንጠራርታ፣ ምንሽሯን አወረደችና አፈሙዟን ወደ ሰማይ አድርጋ መለሰቻት። ማዳም ስልኳን አወጣች። ጠራ፤ ጠራ። ከዚያ የባባ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ሆኖ፣ ሾርባው ጨው የለውም ብሎ ተቆጣ።

«እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልን» አለች ውዴ። «ማዳምና እኔ። የቀሚሴ ሊጥ ሁሉ እሷ ልብስ ላይ ሆነ፤ አላራገፈችውም። ከዚያ ወዲህ ከእኔ በቀር ያንን ግድግዳ ማንም አይነካውም።»

«ባባስ እስካሁን ሆስፒታል ናቸው?»

«ዛሬ ይወጣሉ። ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ምንሽሯን ነው። የቤቱ ጨርቅ አልቆ አሮጌ ቲሸርት ነበር የቀረኝ፤ በዚያ ጠርጌ ብጠብቃቸው ያሸቱታል፤ ዋላሂ ያሸቱታል።»

ነጭ መኪና መንገዱ ዳር ቆመ። ኢድሪስ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። የኋላው መስኮት ወረደና የከሳ ፊት ያላቸው፣ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። ማዳም ከጎናቸው ሆና ቤት እንሂድ እያለች ትለምናለች። ባባ አልሰሟትም። ውዴ ጥቅሉን ሰጠቻቸው፤ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሡት፣ ጠርዙን አሸተቱት። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«ገና ከሆስፒታል መውጣታቸው ነው» አለ ኢድሪስ በአማርኛ፣ «ጨርቁን ሳላይ ቤት አልገባም ብለው አዙሩኝ አሉ።»

ሂሩት የውዴን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። መጠየቅ ያለባትን ነገር መጠየቁ ደግ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ሳትጠይቅ መሄድ ግን አልሆነላትም።

«እት ውዴ፣ አያምጣው እንጂ፣ አንድ ቀን እኮ... ያን ጊዜስ ምን ታደርጊያለሽ?»

ውዴ የመኪናውን በር ከፍታ አንድ እግሯን አስገባች። ባባ ጨርቁን አሁንም እያሹ ነበር።

«እሳቸው ነግረውኛል» አለች። «'ያን ቀን ያቺን አንዷን ብቻ ዝቅ አድርጊያት፤ ዘይቱም ከእንጨቱ ይርቃል፣ አንቺም ከመጥረግ ታርፊያለሽ' አሉኝ። እኔ ደግሞ ማረፍ ገና አላማረኝም አልኳቸው።»